ሜሪላንድ ይሻላል ቨርጂኒያ?

ይሄ ጥያቄ ለዚህ አምድ አዲስ አይደለም። አራት ኪሎ ሂዱ፣ ፒያሳ አድዋ ድል መታሰቢያ ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ የአሜሪካ ፕሮሰስ ያለበት ሰው ባለበት ጠረጴዛ ሁሉ ይነሳል። አንዱ አክስቱ በስልክ የነገረችውን ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ቲክቶክ ላይ ያየውን። ሰሞኑን በዚሁ ጉዳይ ሦስት ደብዳቤ ስለደረሰን አንድ ላይ እንመልሳቸው። በመልሶቼ ውስጥ ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። አራት ኪሎ አካባቢ የምኖር የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ታላቅ እህቴ ከብዙ ዓመት በፊት በሞላችልን ፎርም ቪዛችን ወጥቶ ፓስፖርታችን ላይ ተመቷል። እህቴ ያለችው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ሁለቱም እኔ ጋ ካልመጣችሁ ብለው ሊያኮርፉ ምንም አልቀራቸው። እህቴ “የሜሪላንድ ታክስ ይገድላችኋል” ትላለች። የባለቤቴ ወንድም “ቨርጂኒያ ለገዛ መኪናህ በየዓመቱ ያስከፍሉሃል፣ ክፍያውም ዝቅተኛ ነው” ይላል። ባለቤቴ ነርስ ናት። እኔ አካውንታንት ነኝ፣ እዚያ ግን ያገኘሁትን ለመሥራት ተዘጋጅቻለሁ። ትልቋ ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍልን ጨርሳለች፣ ትንሹ ሰባት ዓመቱ ነው። ቁርጡን ንገሩን፣ ኑሮ የቱ ጋ ይሻላል? ደግሞስ ስፖንሰራችን እህቴ ሆና ሳለ ሜሪላንድ ብንገባ ችግር አለው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነው። ምንም ችግር የለውም። እህትህ የፈረመችው የገንዘብ ዋስትና ነው፣ የምትኖሩበትን ስቴት አይወስንም። የሰጣችሁትን አድራሻ ግን ልብ በሉ። ግሪን ካርዱ በፖስታ የሚመጣው እዚያ ነው። ቤት ከቀየራችሁ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ ኦንላይን ይሞላል። ይህን ሳያደርጉ ዘመድ ለዘመድ እየዞሩ ካርዳቸው የት እንደገባ የጠፋባቸው ሰዎች አሉ። ስለዚህ ካርዱ እጃችሁ እስኪገባ የምትቀመጡት ያንን አድራሻ የሰጣችሁበት ቤት ቢሆን ነው የሚሻለው።

አሁን ወደ ዋናው። ሁለቱም ጋ ኖሬ ነው የተመለስኩት፣ ለማንም አላዳላም። እህትህ ልክ ናት፣ የባለቤትህም ወንድም ልክ ነው። ነገር ግን እያንዳንዳቸው የነገሩህ የሌላውን ሰፈር ጉድ ብቻ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። የእኛ ሰው ሜሪላንድ ሲል ስቴቱን በሙሉ ማለቱ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግን፣ ታኮማ ፓርክን፣ ዊተንን፣ ራቅ ሲልም ጌይተርስበርግንና ጀርመንታውንን ነው፣ ማለትም በአብዛኛው ሞንትጎመሪ ካውንቲን፣ ካውንቲ በስቴቱ ሥር ያለ አስተዳደር ነው። ቨርጂኒያ ሲል ደግሞ አሌክሳንድሪያን፣ ፎልስ ቸርችን፣ አናንዴልን፣ ስፕሪንግፊልድን፣ ከዚያ ወዲያ ዉድብሪጅን ነው። ሁሉም የዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ናቸው፣ የሚለያያቸው የፖቶማክ ወንዝ ነው። በ2023 የሜሪላንድ ቤተሰብ መካከለኛ የዓመት ገቢ ወደ 98 ሺህ ዶላር፣ የቨርጂኒያ ወደ 90 ሺህ ነበር። ይህን ቁጥር ይዘው ሜሪላንድ ትበልጣለች የሚሉ አሉ። ግን ቨርጂኒያ በስፋት የሜሪላንድን ከሦስት እጥፍ በላይ የምትሆን አገር ናት። ቁጥሩን ወደ ታች የሚጎትቱት በደቡብ ያሉት የትንባሆ ገጠሮችና የድንጋይ ከሰል ተራሮች ናቸው። እናንተ እዚያ አትሄዱም። አሌክሳንድሪያን ከሲልቨር ስፕሪንግ ጋር ነው ማወዳደር ያለብህ።

ታክሱን እንየው፣ አካውንታንት ስለሆንክ አይሰለችህም። ሜሪላንድ ውስጥ ለስቴቱ ከምትከፍለው ሌላ ለካውንቲውም የገቢ ግብር አለብህ፣ ሞንትጎመሪ ላይ 3.2 በመቶ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲው ገቢህን አይነካም። የስቴቱ ድርሻ ግን ሜሪላንድ ላይ ይቀንሳል። አብዛኛው ደመወዝተኛ የሚገባበት እርከን 4.75 በመቶ ነው። ቨርጂኒያ ግን ከ17 ሺህ ዶላር በላይ ባለው ገቢ ላይ 5.75 ትቆርጣለች። እንግዲህ ታክስ የሚታሰብበት ገቢህ 50 ሺህ ዶላር ነው እንበል። ቨርጂኒያ ላይ ወደ 2,600 ዶላር ትከፍላለህ። ሜሪላንድ ላይ የስቴቱና የካውንቲው ተደምሮ 3,900 አካባቢ ይመጣል። ልዩነቱ በዓመት 1,300፣ በወር 110 ዶላር እንኳ አይሞላም። ያማል እንጂ አይገድልም።

“ቨርጂኒያ ኖሬ ሜሪላንድ ብሠራስ?” የሚል ብልጥ ሁሌ አይጠፋም። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ በዚህ ላይ ስምምነት አላቸው። የደመወዝህን ግብር የምትከፍለው ለምትኖርበት ነው፣ የትም ሥራ።

ቨርጂኒያ የለቀቀችህን በመኪናህ በኩል ትመጣብሃለች። እዚያ መኪና እንደ ቤት ንብረት ነው፣ በየዓመቱ ዋጋው ተገምቶ ለከተማው ወይም ለካውንቲው ግብር ይከፈልበታል። ስቴቱ ከመጀመሪያው 20 ሺህ ዶላር ግምት ላይ የተወሰነውን ይሸፍንልሃል፣ የቀረው ያንተ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ለግል መኪና እንዲህ የሚባል ነገር የለም። በዚያ ላይ ቨርጂኒያ በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ታስደርጋለች፣ ሜሪላንድ ግን ያገለገለ መኪና እጅ ሲቀይር ብቻ ነው። ባልና ሚስት ሁለት ደህና መኪና ከያዛችሁ ከገቢ ግብሩ ያተረፋችሁት አብዛኛው እዚህ ይሄዳል። እህትህ ይህን ሳትነግርህ የቀረችው ስለለመደችው ይሆናል።

ክፍያን በተመለከተ የባለቤትህ ወንድም ጥሩ ነጥብ አለው። የቨርጂኒያ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ2026 መግቢያ ጀምሮ 12.77 ዶላር ነው። የሜሪላንድ ከ2024 ጀምሮ 15 ዶላር ነው፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ የራሱ አለው። ከ50 ሰው በላይ የሚቀጥር ድርጅት ከጁላይ 2025 ጀምሮ ከ17.65 በታች መክፈል አይችልም። በወረቀት ላይ ስታሰላው ሙሉ ሰዓት የሚሠራ ሰው በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ልዩነት ይወጣዋል። በተግባር ያን ያህል አይሰፋም፣ ምክንያቱም በሰሜን ቨርጂኒያ ኑሮ ውድ ስለሆነ አብዛኛው ቀጣሪ ከወለሉ በላይ ነው የሚከፍለው። ቢሆንም የመጀመሪያው ሥራህ መጋዘን፣ ፓርኪንግ ወይም ሱቅ ከሆነ፣ እንግሊዝኛህም ገና ከሆነና መደራደር የማትችል ከሆነ፣ ሕጉ ራሱ የሚደራደርልህ አገር ይሻልሃል። ያ ሜሪላንድ ነው።

ቤት ኪራይ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ አዲስ ገቢን የሚያስለቅሰው ይሄ ነው። ዋጋው ወንዙን ስለተሻገርክ አይቀየርም። የአሜሪካ መንግሥት የቤቶች መሥሪያ ቤት እንኳ ለኪራይ ድጋፍ ሲያሰላ ሁለቱን ዳርቻዎች እንደ አንድ ገበያ ነው የሚቆጥራቸው። ባለ ሁለት መኝታ ከ2,000 ዶላር በታች ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ልዩነቱ ያለው ሕጉ ላይ ነው። እናንተ ክሬዲት የሚሉት የብድር አከፋፈል ታሪክ የላችሁም፣ የሥራ ታሪክ የላችሁም፣ አከራዩ ያንን አይቶ የመያዣ ገንዘብ ከፍ ያደርጋል። ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ ሁለት ወር ኪራይ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ከአንድ ወር በላይ እንዳይጠየቅ አግዳለች። አራት ነፍስ ይዞ ለገባ ቤተሰብ ሁለት ሺህ ዶላር በእጅ መኖርና አለመኖር ትልቅ ነገር ነው። በተጨማሪ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ2024 ጀምሮ የኪራይ ጭማሪን ገድቧል፣ በዓመት ቢበዛ 6 በመቶ ነው። አዳዲስ ሕንፃዎች ግን ከዚህ ነፃ ናቸው፣ ስለዚህ የሚያብረቀርቅ ሎቢ አይታችሁ አትደሰቱ፣ የቆየውን ሕንፃ ፈልጉ። ቨርጂኒያ ውስጥ የሚያግድ የለም። አከራዩ ውሉ ሲያልቅ የፈለገውን ይጨምራል።

የባለቤትህ ነገር ደስ ይላል። ሁለቱም ስቴቶች የነርሶች የጋራ ፈቃድ ስምምነት ውስጥ ናቸው። ትምህርቷን አስገምግማ ፈተናውን አልፋ በምትኖርበት ስቴት የጋራውን ፈቃድ ካወጣች፣ ወንዙን ተሻግራም መሥራት ትችላለች። እስከዚያ ግን ብዙ የእኛ ነርሶች እንደሚያደርጉት በረዳትነት ልትጀምር ትችላለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ትወቅ። ሜሪላንድ ውስጥ የአረጋውያን መንከባከቢያ ለመሥራት የሚጠየቀው የረዳት ነርስ ሰርተፊኬት የራሱ መስፈርት ሊኖረው ይችላል። ኮርስ ከመመዝገቧ በፊት የት እንደምትሠራ ትወስን፣ ገንዘቡን ሁለቴ እንዳትከፍል።

ልጅቷ ናት የምታሳስበኝ። አንደኛ፣ አሌክሳንድሪያ የሚል አድራሻ ሁሉ አሌክሳንድሪያ ከተማ አይደለም። ፖስታው አሌክሳንድሪያ የሚለው ሰፊ ሰፈር ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው ያለው፣ ትምህርት ቤቱም ታክሱም የፌርፋክስ ነው። እህትህን “ልጆችሽ የየትኛው ትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው የሚወስዳቸው?” ብለህ ጠይቃት፣ ወዲያው ይገባሃል። ሁለተኛ፣ በሁለቱም ስቴቶች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት በአጠቃላይ 12 ወር በዚያው ስቴት ኖሮ ማሳየት ያስፈልጋል። ያለዚያ የውጪ ስቴት ተማሪ ተብላ እጥፍና ከዚያም በላይ ትጠየቃለች። እህትህ ጋ ስምንት ወር፣ ከዚያ ባለቤትህ ወንድም ጋ እያላችሁ ከዞራችሁ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አሥራ ሁለተኛን የጀመረችበት ስቴት ኮሌጅ እስክትገባ አትንቀሳቀሱ። ኖቫ የሚሉት የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተማሪን በቀጥታ የሚያሸጋግር ፕሮግራም አለው። ሞንትጎመሪ ኮሌጅም ጥሩ ነው፣ አንዱ ግቢው እዚያው ታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ ድንበር ላይ ነው። ከአገር ስትወጡ ትራንስክሪፕቷን በታሸገ ፖስታ ያዙ፣ የክትባት ካርድም አትርሱ።

ጤና ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ልጆቻችሁ ገቢያችሁ ዝቅ ያለ እስከሆነ ድረስ ሳይጠብቁ የመንግሥት መድን ያገኛሉ። እናንተ አዋቂዎቹ በአብዛኛው አምስት ዓመት መጠበቅ አለባችሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሥራችሁ አንዱ መድን የሚሰጥ ይሁን፣ በሰዓት አንድ ዶላር ቢያንስም።

እንጀራ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ዕቁብ፣ የሰንበት ጉባኤ፣ ጠጅ ሳይቀር ሁለቱም ጋ ሞልቷል። ይህን ከሚዛኑ አውጡት። የአየሩም ጠባይ ያው ነው። አውቶቡስም ቢሆን ተያይዘዋል፣ የአሌክሳንድሪያው ዳሽ ከ2021 ጀምሮ በነፃ ነው፣ የሞንትጎመሪው ራይድ ኦን ደግሞ በ2025 ክረምት ነፃ ሆነ። ሜትሮ የሚሉት ባቡር ግን ሁለቱም ጋ ይከፈልበታል።

አሁን ማንም የማይነግርህን ልንገርህ። ኑሮ የሚበላሸው በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ አይደለም፣ በድልድዩ ነው። አንዱ ዳር ኖረህ ሌላው ዳር የምትሠራ ከሆነ ጠዋትና ማታ ቤልትዌይ በሚሉት የዲሲ ቀለበት መንገድ ላይ ነው ዕድሜህ የሚያልቀው። ወንዙን የሚሻገሩት የቤልትዌይ ድልድዮች ሁለት ብቻ ናቸው፣ የሰሜኑ አሜሪካን ሌጅን እና የደቡቡ ዉድሮ ዊልሰን። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አሜሪካን ሌጅን መድረስ ማለት መገናኛ ዝናብ ከመታ በኋላ ታክሲ መጠበቅ ማለት ነው። በቨርጂኒያ በኩል ፈጣኑ መስመር አለልህ፣ ግን ይከፈልበታል፣ መንገዱ በተጨናነቀ ቁጥርም ዋጋው ይወጣል። በወር 110 ዶላር ታክስ ለማትረፍ በቀን ሁለት ሰዓት መኪና ውስጥ የሚውል ሰው አውቃለሁ፣ ልጆቹን የሚያያቸው ተኝተው ነው።

ቁርጡን አይደል ያልከው? እህትህ ለአራታችሁ የሚሆን ክፍል ካላት፣ ምድር ቤትም ቢሆን በሩ የሚዘጋ ከሆነ፣ ለስድስት ወር ያለ ኪራይ ተቀመጡ ካለቻችሁ፣ ቨርጂኒያ ግቡ። ስድስት ወር ያለ ኪራይ ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ ከላይ ያሰላሁት ሁሉ ይህን አይደርስበትም። ክፍል ከሌላትና ወዲያው መከራየታችሁ ካልቀረ፣ መኪናም ሳትገዙ የምትጀምሩ ከሆነ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትሻላችኋለች፤ የሰዓት ክፍያው፣ የአንድ ወር መያዣውና የኪራይ ገደቡ ለጀማሪ ነው የተሠሩት። ሁለታችሁም በሙያችሁ ገብታችሁ ደመወዛችሁ ሲያድግ ቨርጂኒያ ትቀላለች፣ ያኔ ልጅቷም ኮሌጅ ገብታ ትሆናለች።

ሁለቱንም በስልክ ስትጠይቅ “የት ይሻላል” አትበል። “የትኛው ክፍል ነው የምንተኛው? እስከ መቼ? እኔ መንጃ ፈቃድ እስካወጣ ማን ነው የሚያመላልሰን?” በል። አንዱ ወዲያው ይመልስልሃል፣ ሌላው “ኑ እንጂ ችግር የለም” ይልሃል። “ችግር የለም” ያለው ጋ አትሂድ።

ደግሞ የትም ብትገቡ የመጀመሪያውን ሳምንት እህትህ ቤት እደሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ደለስ ነው፣ ደለስ ያለው ቨርጂኒያ ነው፣ ሰበቡም ዝግጁ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቃ ያመጣቻችሁ ሰው ቤት ሳትገቡ አልፋችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ብታድሩ ኩርፊያው አዲስ አበባ ድረስ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ። ሰራተኛ ሰፈር የምኖር እናት ነኝ። ደብዳቤውን የምትጽፍልኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሴቷ ቨርጂኒያ፣ ወንዱ ሜሪላንድ። ሁለቱም በመኪናቸው ሰው እያመላለሱ ነው የሚያድሩት። ወንዱ በየወሩ አይቀርም፣ ግን ትንሽ ነው። ሴቷ ደህና አድርጋ ትልካለች፣ መስከረም ላይ ግን ድምጿ ይጠፋል፣ ጥቅምት እስኪጋመስ። አምናም ዘንድሮም እንዲሁ ነው። የወንዱን ሚስቱ ይዛበት ነው ይሉኛል። የአገሩ ነገር ነው ወይስ የልጆቼ ጠባይ?

መልስ፦ እማማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የአገሩ ነገር ነው፣ ልጆችዎን አይቀየሟቸው።

ከሴቷ ልጀምር። ቨርጂኒያ በየዓመቱ የመኪና ግብር አለ ብዬ ከላይ ጽፌያለሁ። አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ አካባቢ ከሆነች የመክፈያው የመጨረሻ ቀን ኦክቶበር 5 ነው። በእኛ ሲቆጠር መስከረም 25። መስቀል በዋለ በሳምንቱ ማለት ነው። በዚያ ላይ እንደ እርሷ በመኪና የሚሠራ ሰው ይባስበታል። ስቴቱ ለግል መኪና የሚሸፍነው ቅናሽ፣ መኪናው ከግማሽ በላይ ለሥራ የሚነዳ ከሆነ አይሰጥም። ሙሉውን ከኪሷ ነው የምታወጣው። ይህም ብቻ አይደለም፣ ተቀጥሮ የማይሠራ ሰው የፌዴራሉን የገቢ ግብር በየሩብ ዓመቱ ራሱ ነው የሚከፍለው፣ አንደኛው ቀን ሴፕቴምበር 15፣ ማለት መስከረም 5 ነው። እንቁጣጣሽ ሳይበርድ አንዱ፣ መስቀል ሳይበርድ ሌላው። ልጅዎ መስከረም ላይ የምትጠፋው እፍረት ይዟት ነው።

ወንዱ የመኪና ግብር የለበትም። ነገር ግን ለካውንቲው የሚከፍለው አለ፣ እኩል ቢሠሩም ከእህቱ በወር መቶ ዶላር አካባቢ ሊበልጥበት ይችላል። የሚልክልዎ የሚያንሰው ምናልባት ይህችኑ መቶ ዶላር ነው። ሚስቱን ይተዋት። እርሷ ባትኖር ጭራሽ አይልክም ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ፣ በየወሩ ሳያቋርጥ የሚልክ ወንድ ከጀርባው የሚያስታውሰው ሰው አለው።

አንድ ነገር ለሁለቱም ይንገሩልኝ። ከ2026 መግቢያ ጀምሮ ከአሜሪካ በጥሬ ገንዘብ የሚላክ ሐዋላ ላይ አንድ በመቶ ታክስ ተጥሏል። ሱቅ ሄደው ጥሬ ብር ቆጥረው ከሚልኩ ከባንክ ሒሳባቸው ወይም በካርድ ይላኩ፣ ያኔ ታክሱ የለም። ይሄ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም አይልም፣ መላ አሜሪካ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ስታዲየም አካባቢ ነው የምኖረው፣ 24 ዓመቴ ነው፣ ራይድ እሠራለሁ። በቅርብ ወደ አጎቴ ጋ እሄዳለሁ። አጎቴ ቨርጂኒያ ፈጥኖ መንዳት እስር ቤት ያስገባል ይላል። ሲያስፈራራኝ ነው አይደል? ሜሪላንድስ እንዴት ነው?

መልስ፦ ሲያስፈራራህ አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ በሰዓት ከ85 ማይል ካለፍክ፣ ወይም ከተፈቀደው በ20 ማይልና ከዚያ በላይ ካለፍክ፣ “ሬክለስ ድራይቪንግ”፣ ማለትም በግዴለሽነት መንዳት ነው የሚባለው። 85 ማይል በእኛ 137 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ባዶ ሀይዌይ ላይ ሙዚቃ ከፍተህ ሳታስበው የምትደርስበት ፍጥነት። እና ይሄ የትራፊክ ቅጣት አይደለም፣ ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ሊያመጣ ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ብዙ ጊዜ በገንዘብ ይወጣል፣ መዝገቡ ግን ይቀራል። አንተ ደግሞ ግሪን ካርድ ያለህ ሰው ነህ የምትሆነው። ዜግነት ስታመለክት ተከሰህ ታውቃለህ ወይ ብለው ይጠይቁሃል። በመኪና መሥራት ካሰብክም ድርጅቶቹ መዝገብህን ያዩታል። የራዳር ማወቂያ መሣሪያ መኪና ውስጥ መጠቀምም ቨርጂኒያ ክልክል ነው፣ ሜሪላንድ ላይ ገዝተህ ወንዙን ይዘህ እንዳትሻገር።

ሜሪላንድ በዚህ ትለሰልሳለች፣ ፍጥነት በአብዛኛው በቲኬትና በነጥብ ነው የሚያልቀው። በለውጡ ካሜራው በዝቷል። ሞንትጎመሪ ውስጥ በትምህርት ቤት ደጃፍና በመኖሪያ መንገዶች ላይ ተተክሏል፣ ፖሊስ አላየሁም ብለህ ስትዝናና ፎቶህ በፖስታ እቤትህ ድረስ ይመጣል።

በሌላ ስቴት ነው የተያዝኩት ብለህም አታመልጥም። ሁለቱ የነጂዎችን መዝገብ ይለዋወጣሉ። ቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ የምታወጣው ዲኤምቪ ከሚባለው ቢሮ ነው፣ ሜሪላንድ ግን ኤምቪኤ ነው ስሙ፣ ዲኤምቪ የቱ ጋ ነው እያልክ ስትጠይቅ የሚስቁብህ ለዚያ ነው።

ድንገት ቨርጂኒያ ላይ ከተያዝክ ወረቀቱን ተቀበል፣ አትከራከር፣ እጅህን መሪው ላይ አድርግ። እንደ ተራ ቲኬት ኦንላይን ከፍዬ እገላገላለሁ አትበል፣ ለሬክለስ ድራይቪንግ ያ አይሠራም፣ ፍርድ ቤት መቅረብ አለብህ። ጠበቃ ያዝ፣ የፍጥነት መለኪያህንም ጋራዥ ወስደህ አስመርምር። ቆጣሪው አሳንሶ የሚያሳይ ሆኖ ከተገኘ ወረቀቱን ይዘህ ለዳኛው ታሳያለህ።